የግንቦት ጊዮርጊስ ጭቃ

ይህን ደብተር የገዛሁት ስለ ባለቤቴ ልጽፍበት ብዬ ነው። ከሞተ ሰባት ወሩ ነው። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ሥር እቀመጥና ስሙን እጽፋለሁ። ከስሙ በታች ግን አንድም መስመር አልወጣ አለኝ። ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ግድግዳ ሊያስመርግ ጭቃ አስቦካ። በሦስተኛው ቀን ጭዱ መበስበስ ሲጀምር ሽታው በመስኮቱ ገባ። የቦካ ጭቃ ሽታ ለማያውቀው ሰው ደስ አይልም፤ ይኮመጥጣል፣ የበረትና የመጀመሪያ ዝናብ ሽታ አለው። እኔን ግን ወደ ልጅነቴ ከተማ ወደ ንፋስ መውጫ፣ ወደ ዘጠኝ ዓመቴ ወሰደኝ። ስለ ባሌ መጻፍ እስክችል ድረስ ያን ዘመን ልጻፍ ብዬ ጀመርኩ።

ደርግ ከገባ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። በዚያ ዘመን መሬት አይገዛም፣ አይሸጥም። ቀበሌ ዕጣ ያወጣል፤ ዕጣው የወጣለት ሰው ቦታ ይመራል። ቤቱን የሚሠራበትን ግን ራሱ አጠራቅሞ ማምጣት አለበት። ከእያንዳንዱ ባለ ዕጣ ጀርባ አንድ ተለዋጭ ሰው ይመዘገባል። ባለ ዕጣው በአንድ ዓመት ውስጥ ግድግዳና ጣራ ያለው ቤት ካላቆመ ቦታው ለተለዋጩ ይሰጣል። ለእኛ የተሰጠን ቀን ግንቦት ሠላሳ ነበር። እኔ ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። ያኔ የማውቀው ቦታ እንዳለንና ቤት እንደምንሠራ ብቻ ነበር።

አባቴ ወፍጮ ቤት ይሠራል፤ ማታ ሲገባ ቅንድቡ ድረስ ዱቄት ነው። እናቴ ጥጥ ትፈትልና ለሸማኔ ትሸጣለች። የምንኖረው ከቀበሌ በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ ነበር። እናቴ ብር አታስቀምጥም፤ ብር እጅ ላይ አይቆይም ትላለች። የፈትሉ ገንዘብ ለአንድ ቆርቆሮ በሞላ ቁጥር ያንኑ ዕለት ነጋዴው ዘንድ ሄዳ አንድ ቆርቆሮ ትገዛና በራሷ ላይ ተሸክማ ትመጣለች። ቆርቆሮዎቹ ከአልጋው ጀርባ ግድግዳውን ተደግፈው ይቆማሉ። አንድ በተጨመረ ቁጥር አልጋው ወደ በሩ ይገፋል። ቤታችን ባደገ ልክ ክፍላችን እየጠበበች ሄደች። ንፋስ በስንጥቁ ሲገባ ቆርቆሮዎቹ እርስ በርስ ይንሾካሾካሉ፤ እኔ ስለ እኛ የሚያወሩ ይመስለኝ ነበር።

ያን ዓመት ቤታችን ዘይት አልገባም። ለእንቁጣጣሽ ቀሚስ አልተገዛልኝም።

«ቀሚስሽ ያውልሽ፣ እዚያ ቆሟል» ትለኛለች እናቴ ወደ ቆርቆሮው በአገጯ እየጠቆመች።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ሥራዬ ለየኔታ ምሳ ማድረስ ነበር። የኔታ ለአባቴ ፊደል ያስቆጠሩት፣ ዳዊት ያስደገሙት መምህር ናቸው። በድጓ ትምህርቷ በታወቀችው ደብር በቤተ ልሔም ተምረው፣ በስንት ደብር አስተምረው፣ ዓይናቸው ሲጠፋ ወደ ንፋስ መውጫ መጥተው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ በአንዲት የሣር ጎጆ ይኖራሉ። ጎጆዋ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ታፈስሳለች። ሰሐኑን ስሰጣቸው መጀመሪያ እጄን ይዘው ጣቶቼን ይነካካሉ፤ የጨመርኩትን ዕድሜ የሚለኩ ይመስለኝ ነበር።

መንገዴ በቦታችን በኩል ያልፋል። ቦታችን ማለት በከተማው ዳር፣ ከባሕር ዛፉ በታች፣ አራት ችካልና አንድ ገመድ ነበር። እዚያ ሁልጊዜ አንድ ሰው አገኛለሁ። ረጅም ነው፤ አሮጌ ካኪ ኮት ይለብሳል። ችካሎቹን በእግሩ ነካ ነካ ያደርጋል፤ አንዳንድ ቀን ቦታውን ከዳር እስከ ዳር በእርምጃ ይለካዋል። ስሙን ስጠይቀው ሞላ ነኝ አለኝ። ትምህርት ቤታችን ዘበኛ አለው፣ ወፍጮ ቤቱም ዘበኛ አለው። እንግዲህ ጋሼ ሞላ የቦታችን ዘበኛ ነው ብዬ ወሰንኩ። ማንም አልነገረኝም፣ ማንንም አልጠየቅሁም።

«ዛሬስ ምን መጣ የሺ?» ይለኛል።

«ስድስተኛው ቆርቆሮ።»

«ጎሽ። እንጨቱስ?»

«አባዬ ከአጎቴ አገር ያስመጣል። ከፋሲካ በኋላ።»

«ከፋሲካ በኋላ» ይላል ቀስ ብሎ፣ ቃል በቃል እንደሚያጠና ተማሪ። ከዚያ ከኪሱ የተቆላ ሽምብራ አውጥቶ መዳፌ ላይ ያፈስልኛል። እኔ ሽምብራዬን እየቆረጠምኩ፣ ዘበኛችን ምን ያህል ለቤታችን እንደሚያስብ እያደነቅሁ ወደ የኔታ እሄዳለሁ። እንዲህ ሆኖ ክረምቱ አለፈ፣ መስከረም ጠባ፣ በጋው ገፋ። ለጋሼ ሞላ ያልነገርኩት ነገር አልነበረም። እናቴ ስትታመም ፈትሉ ሁለት ሳምንት መቆሙን ነገርኩት። አባቴ ለእንጨት ያስቀመጠውን ለሐኪም ማውጣቱንም ነገርኩት።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ እንጨቱ በአህያ መጣ። አባቴ ከወፍጮ ቤት ሲወጣ ከአንድ አናጢ ጋር እየሠራ ምሰሶውንና ማገሩን አቆመ። ቤቱ ሁለት ክፍል ነበር። እናቴ በፈትል ክር እየለካች አልጋው የት እንደሚሆን፣ ምድጃው የት እንደሚሆን፣ እኔ የት እንደምተኛ መሬቱ ላይ አመለከተችኝ። ቆርቆሮው አሥራ ሁለት ደርሷል፤ የሚበቃው ለአንድ ክፍል ብቻ ነው። የቀረውን ሌላ ዓመት እንጨርሳለን አሉ። ጉድጓድ ተቆፈረ፣ አፈሩና ጭዱ ተቀላቀለ፣ ውኃ ገባበት፣ መብላላት ጀመረ። የአባቴ ወገኖች ከሁለት ሰዓት የእግር መንገድ መጥተው በደቦ ጭቃውን ረግጠው ሊመርጉ፣ ቆርቆሮውንም ሊመቱ ለግንቦት ሃያ አምስት ተቀጠሩ።

ይህንንም ሄጄ ነገርኩት።

«ሃያ አምስት?» አለ ጋሼ ሞላ። «እስከዚያ ግድግዳ አይኖረውም ማለት ነው?»

«አይኖረውም» አልኩ፣ «ግን ጭቃችን ቦክቷል።»

ያን ቀን ሽምብራ አልሰጠኝም። ኮቱን ቆልፎ ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት በኩል በፍጥነት ሄደ።

የኔታ ዘንድ ስደርስ ወጡ ቀዝቅዞ ነበር።

«የት ቆየሽ?»

«ከዘበኛው ጋር ሳወራ።»

«የምን ዘበኛ?»

«የቦታችን ነዋ፣ ጋሼ ሞላ።»

የኔታ የቆረሱትን እንጀራ መልሰው ሰሐኑ ላይ አስቀመጡት። «ባዶ መሬት ዘበኛ የለውም፣ ልጄ» አሉ። «ሞላ የአባትሽ ተለዋጭ ነው። ቤቱ በቀኑ ካልቆመ ቦታውን የሚወስደው እሱ ነው። ምን ምን ነገርሽው?»

ስለ መጀመሪያው ቆርቆሮ ጀምሬ ነገርኳቸው። የኔታ እስከ መጨረሻው ሰምተው «በይ ዓይንሽን ጥረጊ» ብቻ አሉኝ። እንዴት እንዳወቁት አልገባኝም፤ ድምፅ አውጥቼ አላለቀስኩም።

በሁለተኛው ቀን እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ነበር። አባቴ ከስብሰባው ሲመለስ ፊቱ ተለውጧል።

«አቤቱታ ገብቶብናል» አለ እናቴን። «ሥራውን ጀምረው ትተውታል ተብሎ። ዝናብ ሳይገባ ሐሙስ ሃያ አራት መጥተን እናያለን፤ የቆመ ቤት ካላገኘን ሠላሳን አንጠብቅም አሉ።»

«ደቦው ሃያ አምስት ነው እኮ!»

«እሱንም ያውቃሉ። ቀኑን ሳይቀር ያውቃሉ። ማን እንደነገራቸው እግዜር ይወቅ።»

እኔ ከቆርቆሮው ጀርባ ገብቼ ተቀምጫለሁ። ቆርቆሮው ጉንጬን ሲነካኝ ይቀዘቅዛል። እወጣና እናገራለሁ እላለሁ፤ ግን አልወጣሁም።

አባቴ ያኔውኑ ለአጎቴ መልእክት ላከ፤ ደቦው ወደ ሃያ ሁለት ይምጣልኝ ብሎ። ሃያ አንድ ማርያም ናት፤ ማንም አይሠራም። ማክሰኞ ሃያ ሁለት ማለዳ እናቴ ጠላውን ከጋን ቀድታ፣ ዳቦውን በመሶብ ሞልታ ቦታው ላይ ጠበቅን። ፀሐይ ወጣች፣ ከፍ አለች። ከመንገዱ ጫፍ አንድ ሰው ብቻ ብቅ አለ። አጎቴ ነበር፤ ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሷል።

«አያ ዘውዱ አረፈ» አለ ከሩቅ። «አገሩ ሁሉ ቀብር ላይ ነው።»

እናቴ ወዲያው ነጠላዋን አዘቀዘቀች። አባቴ ግን ማገሩን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። አያ ዘውዱ የአባቴ አባት ወዳጅ፣ ለአባቴም እንደ አባት የነበሩ ሰው ናቸው። ለሳቸው ሳያለቅስ ለቤቱ ማሰቡን ፊቱ ላይ አየሁት፤ እሱም እንዳየሁበት አወቀ መሰለኝ ፊቱን አዞረ።

«ነገስ ይመጣሉ?» አለ ወደ ግድግዳው እያየ።

«ነገማ ጊዮርጊስ ነው» አለ አጎቴ። «ማን እጁን ያነሣል?»

ከሰዓት በኋላ የየኔታን ምሳ ይዤ ስሄድ አባቴና አጎቴ አብረውኝ መጡ። አባቴ በሩ ላይ ተንበርክኮ ጉልበታቸውን ሳመ።

«የኔታ፣ ነገ ካልመረግን ቦታው ሄደ።»

«ነገ ጊዮርጊስ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ላድርግልህ? ለዘንድሮ እለፈን ብዬ ሰማዕቱን ልለምንልህ?»

አጎቴ ሊስቅ ብሎ ዋጠው። «የኔታ፣ በበዓል ለደካማ ቤት ይሠራ የለም እንዴ?» አለ። «አምና የዚያችን አሮጊት መነኵሲት ጎጆ ያቆምንላት በሚካኤል ነው። ቄሱ ራሳቸው ጫማቸውን አውልቀው ጭቃ ገብተዋል።»

«እሱ ለሷ ነው፤ ሠሪው አንዲት ጉርሻ፣ አንዲት ዋንጫ ሳይቀበል። የዚህኛው ቤት ደካማ ማን ነው? ይህ ወፍጮ የሚያዞር ጎረምሳ?»

በጎጆው ጣራ ቀዳዳ የገባች ብርሃን መደቡ ላይ ተቀምጣለች።

«እርስዎ ነዎት» አለ አባቴ።

«እኔ ጎጆ አለኝ።»

«ያፈስሳል።»

«ለአንድ ቀን ልትበደረኝ ነው? በእኔ ስም ጊዮርጊስን ልትዋሸው?»

«አልዋሽም የኔታ። አንዱ ክፍል የርስዎ ነው። ዕድሜዎን ሙሉ።»

«የትኛው ክፍል?»

ሁለት ክፍል ነው፤ ጣራ የሚኖረው አንዱ ብቻ ነው። የኔታም ይህን ያውቃሉ፤ የነገርኳቸው እኔው ነኝ።

«ጣራ ያለው» አለ።

የኔታ ወደ አጎቴ ዞረው «ለአገሩ ሰው እንዲህ በል» አሉት። «ከቅዳሴ በኋላ ለዕውር ሽማግሌ ቤት ይሠራል፤ እህል ውኃ የለበትም በል። የመጣ ይምጣ፣ የቀረ አይወቀስ።»

እናቴ ስትሰማ እንዝርቷን አስቀመጠች።

«አንተ በእኔ ቆርቆሮ ልትጸድቅ!»

«ካልሆነ ሁሉም ይሄዳል እኮ።»

«አሥራ ሁለት ቆርቆሮ። በጣቴ ነው የፈተልኩት። እኔ የት ልተኛ፣ ማገሩ ላይ? እንደ ዶሮ?»

እናቴ ተነሥታ ወጣች፤ በር ላይ ቆየች፤ ተመልሳ ገባች። ከዚያ አልጋውን በአንድ እጇ ስባ ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ ታወጣ ጀመር። አባቴ ሊያግዛት ሲጠጋ «ጫፉን ያዝ» አለችው። «እንዳይታጠፍ። እኒያ ሰውዬ እንዳያፈስስባቸው።»

ረቡዕ ከቅዳሴ በኋላ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ከመንገዱ ጫፍ ሲወጡ እናቴ ዕልል ልትል አፏን ከፍታ ለቅሶ መሆኑ ትዝ አላትና ዘጋችው። ደቦ ግን ደቦ አይመስልም ነበር። ዘፈን የለም፣ ፉከራ የለም፤ የጠላው ጋን እንደተከደነ ዋለ። ወንዶቹ ሱሪያቸውን ሰብስበው ጉድጓዱ ውስጥ ገቡ፤ ያ ኮምጣጣ ሽታ ተነሥቶ ሰፈሩን ሞላው። ሲጠማቸው እናቴ ከቀዳችው ውኃ እንኳ አይጠጡም፤ ምንጩ ድረስ ይወርዳሉ።

«ጊዮርጊስ ፈረሱን ለግማሽ ቀን ቢያውሰን ምን ነበር» አለ አንዱ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ሆኖ።

«ፈረሱም ዛሬ በዓሌ ነው ይልሃል» አለው ሌላው።

«እንግዲያው አንተን ነው የምንጭን፣ በዓል የለህም!»

ሳቁ። ሳቃቸው እንኳ ዝቅ ያለ ነበር። እኔ ለጭቃው በቅል ውኃ እያመላለስኩ ወደ ባሕር ዛፉ ላለማየት አንገቴን ደፍቼ እሄዳለሁ፤ ጋሼ ሞላ እዚያ እንደቆመ አውቃለሁ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የአንዱ ክፍል ግድግዳ በውስጥም በውጭም ተመርጎ፣ የመጨረሻው ቆርቆሮ ተመታ። ሁለተኛው ክፍል ግን ጭቃም ጣራም ሳያገኝ ማገሩ እንደተገተረ ቀረ። ሰዎቹ እጃቸውን ታጥበው፣ ምንም ሳይቀምሱ፣ የኔታን ተሳልመው ሄዱ።

ሐሙስ ጠዋት ሊቀመንበሩ ሁለት ሰዎች አስከትሎ መጣ። ጋሼ ሞላ ከኋላቸው ነው፤ ሚስቱ አብራው አለች። እሷን ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ሆዷ ገፍቷል፤ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ቁና ቁና ትተነፍሳለች። ጋሼ ሞላ ለምን ቦታውን በእርምጃ ይለካ እንደነበር ያኔ ገባኝ። እሱም የአልጋውን ቦታ ይፈልግ ነበር።

ሊቀመንበሩ ቤቱን ዞረው። «ጓድ፣ ይሄ ግማሽ ቤት ነው» አለ አባቴን።

«ሕጉ ግማሽ አላለም!» አለ ጋሼ ሞላ።

ሊቀመንበሩ ጣቱን ግድግዳው ላይ ሲጫን ጣቱ ጠለቀ። «ትናንት ነው የተመረገው» አለ።

«ትናንት በጊዮርጊስ!» አለ ጋሼ ሞላ። «በዓል ሽረው!»

«ለእኔ ትናንት ረቡዕ ነበር» አለው ሊቀመንበሩና ጣቱን በመሐረብ ጠረገ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። የኔታ እርጥቡ ወለል መሃል በትንሽ የእንጨት ዱካ ተቀምጠዋል፤ ዳዊታቸው ጉልበታቸው ላይ ነው፤ አያነቡትም፣ ይዘውታል።

«አባት፣ እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«ቤቴ ነው፤ ተቀምጫለሁ።»

«በደባልነት ነው?»

«ደባሎቹስ እነሱ ናቸው» አሉ የኔታ። «ጣራ ያለው የእኔ ነው፤ ውጭውን ተዘዋውረህ አይተኸው የለም?»

ሊቀመንበሩ ካስከተላቸው ሁለት ሰዎች አንዱ ከውጭ ሳቀ። ሊቀመንበሩ አልሳቀም። ጣራውን አየ፣ ግድግዳውን አየ፣ እሳቸውን አየ። አንድ ዕውር ሽማግሌ ከዚህ ቤት ጎትቶ ማውጣት በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ምን እንደሚመስል ያሰበ መሰለኝ። እናቴ ነጠላዋን ነክሳለች።

«ግድግዳ አለው፣ ጣራ አለው፣ ሰው አለበት» አለ በመጨረሻ። «ቦታው በአባወራው ስም ይጻፍ። ሽማግሌው ነዋሪ ተብለው ይመዝገቡ። ግማሹ እስከ መስከረም ካላለቀ እመለሳለሁ።»

አባቴ መሬት ላይ ተቀመጠ። የአያ ዘውዱን ለቅሶ ያለቀሰው ያኔ ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ በስማቸው እየጠራ። ማንም ዝም በል አላለውም።

ጋሼ ሞላ ሚስቱን ደግፎ አስነሣትና ሄዱ።

እስከ መስከረም በአዲሱ ቤት የኖሩት የኔታ ብቻ ናቸው። እኛ በጠባቧ ክፍል ቆየን፤ አልጋው ግን ወደ ቦታው ተመለሰ። እናቴ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ነጠላዋን ተከናንባ ሄዳ «የኔታ፣ አፈሰሰብዎ?» ትላቸዋለች፤ አላፈሰሰም ሲሏት አኩርፋ የምትመለስ ይመስላል፣ ግን እየዘፈነች ነው። የኔታ ለአባቴ ምንም አልነገሩትም። እኔም አልነገርኩትም።

የሰኔ መጀመሪያ አካባቢ ምሳ አድርሼ ስወጣ ጋሼ ሞላና ሚስቱ በቤቱ ፊት ሲያልፉ አገኙኝ። ሚስቱ ደክሟት ቆመች። ሮጬ ገብቼ በጣሳ ውኃ አመጣሁላት።

ጋሼ ሞላ ጎንበስ አለና እንደ ድሮው ቀስ ብሎ ጠየቀኝ። «የሺ፣ በሌላ ቦታ ተለዋጭነት ልመዝገብ እፈልጋለሁ፤ በዚህ ሰፈር ቀኑ የደረሰበት ሌላ ማን አለ? ሰምተሻል?»

ሰምቻለሁ። ከእኛ በታች ያለው ቦታ ቀኑ የሰኔ መጨረሻ ነው፤ አንድ ምሰሶ እንኳ አላቆሙበትም። የባለ ቦታው ልጅ ትምህርት ቤት አጠገቤ ነው የምትቀመጠው፤ ያን ሳምንት አባቷ መታመሙን ነግራኛለች። የጋሼ ሞላ ሚስት ጣሳውን በሁለት እጇ ይዛ ትጠጣለች።

«አላውቅም ጋሼ» አልኩ።

ቀና ብሎ አየኝ። ያልተቆጣ፣ ያልተገረመም ዓይን ነበር።

«ተማርሽ» አለኝ።

ሚስቱ ጣሳውን መለሰችልኝ። ክንዷን ይዟት ቁልቁል ሄዱ።